ይበርራል የተባለው ቀለም

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ፣ ከዚያም ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት የማቅለሚያ ክፍሉን የመሩ አንዲት ሴት ነበሩ። እውነተኛ ስማቸው የሚገኘው በሠራተኞች መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም «እትዬ ቀለም» ይላቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው በእጃቸው ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ አብረዋቸው የሚሳፈሩ ሰዎች ፋብሪካው በዚያ ሳምንት ምን እንደሚያቀልም ለማወቅ እጃቸውን ማየት ይበቃቸዋል። ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ የጡብ ቀይ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ ተደባልቀው ስም የሌለው ነገር ይሆናል። አንድ ጊዜ ከጎናቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት የጣቶቻቸውን አረንጓዴ አይታ፣ በሹክሹክታ ጥሩ ሐኪም ልትጠቁማቸው ሞክራለች።

ፋብሪካው የገቡት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ወለል ጠራጊ ሆነው ነው። ከገንዳዎቹ ሥር የሚፈሰውን ውሃ በመጥረጊያ እየገፉ፣ ዓይናቸው ግን ገንዳው ውስጥ ነበር። የዚያን ጊዜው ቀለም ነካሪ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ይህን ዓይን አዩና አንድ ቀን መጥረጊያውን ተቀብለው ማማሰያውን ሰጧቸው። «ቀለም እንደ እንግዳ ነው፤ ቀስ ብለሽ ካስገባሽው ቤተኛ ይሆናል፣ ገፍትረሽ ካስገባሽው ሲነጋ የለም» ያሏቸውን እትዬ ቀለም ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። ጨው መብቃቱን በምላሳቸው፣ ሶዳው መሥራቱን በሽታው፣ ሙቀቱን በጣታቸው ጫፍ ማወቅ ተማሩ። እሳቸው ያቀለሙት ጨርቅ ያልቃል እንጂ አይለቅም ይባል ነበር። አባባሉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው የሚሉም አልጠፉም።

ታዲያ አንድ የባሕር ማዶ ደንበኛ ለሆስፒታል ሠራተኞች ልብስ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ፈለገ። የሆስፒታል ልብስ በየቀኑ በሚፈላ ውሃ የሚታጠብ ነውና፣ ደንበኛው እሺ ከማለቱ በፊት አንድ ባለሙያ ላከ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ጨርቁን በነጭ ቁራጭ በደረቁ ፈተገው፤ ከዚያ በእርጥቡ ፈተገው፤ ከነጭ ጨርቅ ጋር ሰፍቶ ቀቀለው፤ ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ ጣሪያው ላይ ለፀሐይ አሰጣው። ሦስት ቀን ፈጀ። እትዬ ቀለምም ሦስቱን ቀን ከጎኑ አልጠፉም። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። እሱ ወደ ገንዳው ሲጠቁም፣ እሳቸው ስድስት ጣት አሳይተው ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ክብ ይሠሩለታል፤ ስድሳ ዲግሪ ማለታቸው ነው። እሱም ይጽፋል። በመጨረሻው ቀን ሊሰናበት ሲል ሁለቱን እጃቸውን ይዞ ገልብጦ ተመለከተ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ የሚተረጉመው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሲሆን፣ መዝገበ ቃላት ከብብቱ ስለማይለይ «መዝገቡ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። በማሽን መመሪያና በዕቃ ዝርዝር ትርጉም የሚያህለው አልነበረም። ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሰዓት አክባሪ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለው ነበር፤ «አላውቀውም» የሚለው ቃል በመጽሐፉም በአፉም አልነበረም። ያ ደብዳቤ ሦስት አንቀጽ ነበረው። የመጀመሪያው ስለ መስተንግዶው ያመሰግናል። የመጨረሻው ደንበኛው ካሰበው እጥፍ ጨርቅ እንደሚያዝ ይናገራል። መካከለኛው ግን አንድ መስመር ነው፤ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ፈተናውን ሁሉ «ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ» አልፈዋል ይላል።

መዝገቡ «ፍላይንግ»ን ፈለገ፤ የሚበርር። «ከለርስ»ን ፈለገ፤ ቀለሞች። ሁለቱን አጋጠማቸውና ደነገጠ። በሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን የሚበርር ቀለም እንቆቅልሽ ይሆን ነበር። በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ግን በርሮ የሚጠፋ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ በር ጠባቂውም ያውቀዋል። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ሲል አስቀመጠው፦ «ኃላፊዋ ፈተናዎቹን ያለፉት ከሚበርሩ ቀለሞች ጋር ነው፤ ይኸውም ቀለማቸው ይለቃል ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈጣን ነበር፤ አንዳንዴ ፈጣን ሰው ከክፉ ሰው ይብሳል። ደብዳቤውን አንብቦ፣ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ እጥፍ ለምን እንደሚታዘዝ ለአፍታ ግራ ገባው። ግን ወዲያው መልሱን አገኘው። ፈረንጅ፣ አለ ለመዝገቡ፣ ጨዋ ነው፤ ማሩን ከፊትና ከኋላ ያደርግና መርዙን መሃል ላይ ይደብቀዋል። እጥፍ ማዘዙ እንድናስተካክል ዕድል ሲሰጠን ነው። በማግስቱ እትዬ ቀለምን አስጠራቸው።

ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና፣ እንደሚያከብራቸው፣ እንደ እናቱ እንደሚያያቸው ነገራቸው። እትዬ ቀለም ይህን ሲሰሙ ነገር እንዳለ ገባቸው፤ በዚያ ፋብሪካ እናት የተባለ ሰው ሁሉ ከቦታው ሲነሣ አይተዋል።

«ደብዳቤው ቀለሙ ይበርራል ይላል፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ።

«የት አረፈ?» አሉ።

«ምኑ?»

«የበረረው ነዋ። ከጨርቄ የተነሣ ቀለም አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። ነጩ ቁራጭ ላይ አላረፈም፤ ሦስት ቀን ቆሜ አይቻለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀት ነበረው። ወረቀቱን አሳያቸው፣ እሳቸውም ማንበብ በሚችሉት ቋንቋ የተጻፈውን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አጥፈው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጠናቀቀ ጨርቅ ወደሚቀመጥበት ማከማቻ ተዛወሩ። ጠረጴዛ፣ ወንበርና የጣቃዎቹን ቁጥር የሚጽፉበት ደብተር ተሰጣቸው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ትናንት ሸሚዙ ለአሥር ዓመት እንዳልደበዘዘ ሲምል የነበረው መካኒክ፣ አሁን የወየበ መጋረጃ ትዝ አለው። የምግብ ቤቷ ኃላፊ ስለ አንድ ሽርጥ አነሣች። ባለሙያው ሲሰናበት ራሱን የነቀነቀው በኀዘን እንደነበር ያዩት ሰዎች ቁጥር በየቀኑ ጨመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ተባለ።

ቤት ውስጥ የጠበቃቸው ሌላ ነገር ነው። ባላቸው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ነገር አዋቂ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ራት ላይ ሳህን ሲያቀብሉት እጃቸውን ይዞ አስቀረው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ያገባትን ሴት እጅ ገና ዛሬ ማየቱ እንደሆነ ነገራቸውና፣ ሳያስቃቸው እንዳይቀር ፈርቶ ጨመረ፦ «ለመሆኑ ጽሑፉ የሚለው ይበርራል ነው ወይስ ይበራል? አምፖልም እኮ ይበራል።»

እሳቸው አልሳቁም። ባልየው ያን ቀን ሳያውቀው ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር፤ ግን የሹፌርን ትርጉም ማን ይቀበላል?

በቦታቸው የተተካው ዲፕሎማ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ከትከሻው እስከ ጣቱ የሚደርስ ጓንት ሳያጠልቅ ወደ ገንዳ ስለማይጠጋ «ጓንቴ» አሉት። ሥራውን በመጽሐፍ ነበር የሚሠራው፤ መጽሐፉም ስህተት አልነበረበትም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ አርባ ጣቃዎች ማከማቻው ሲደርሱ፣ እትዬ ቀለም በልማድ መሐረባቸውን በውሃ አርሰው አንዱን ፈተጉት። መሐረቡ ሰማያዊ ሆነ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነው። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እንደ ፎቶግራፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ሥራቸው ቁጥር መጻፍ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ትክክል ነው፣ አርባ። ከዚያ ግን አንገታቸው ሰማያዊ የሆነ ነርሶች በዓይነ ሕሊናቸው መጡባቸው። ያ ጨርቅ ስሙ ማንም ይሁን፣ የወጣው ከእሳቸው ገንዳ ነው። መሐረቡን አጥፈው ወደ ማቅለሚያው ክፍል ወረዱ።

ጓንቴ የሚጣላ ሰው መስሏቸው ነበር። የተሸበረ ሰው ሆኖ አገኙት። ሁሉን እንደ መጽሐፉ እንዳደረገ፣ ሙቀቱም ስድሳ እንደሆነ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መለኪያ እያሳየ ማለላቸው።

«እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አሉት። «ሲሞት ስድሳ ላይ ነበር። በል ጓንትህን አውልቅና ውሃውን በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገው።»

አወለቀ፣ ነካ። ለብ ያለ ነበር፤ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት። ጓንቴ ነገሩን ለማንም እንዳይናገሩበት ለመናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አርባውን ጣቃ መልሶ እንዲያቀልም አዘዙት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ማከማቻውን ከመክፈታቸው በፊት ለግማሽ ሰዓት እየወረዱ ገንዳውን አይተውለት ይመለሳሉ። የሚወርዱት ጓንቴን ብለው እንዳልሆነ ለራሳቸው ነግረዋል፤ ለጓንቴም ነግረውታል። እሱ ግን በየቀኑ ሻይ አዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የጨርቁን ጥራት አይቶ ረካ። በስብሰባ ላይ ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ቦታ ስለማስቀመጥ ሰፊ ንግግር አደረገ። እትዬ ቀለም በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው አብረው አጨበጨቡ።

በዘጠነኛው ወር ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ደንበኛው የደረሰውን ጨርቅ አስመርምሮ፣ አዲሱም ኃላፊ እንደ ቀድሞዋ «ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ» አልፈዋል ይላል፤ ስለዚህም ትእዛዙ ሦስት እጥፍ ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ። ይኼኛውም ይበርራል ማለት ነው። ለጓንቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ፤ መዝገቡም ብዕሩን አነሣ፣ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ቀለሙ በበረረ ቁጥር ትእዛዝ የሚጨምር ደንበኛ በዘመኑ አላጋጠመውም። ማስጠንቀቂያውን ለሰኞ አሳደረው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሴት ልጁ የትምህርት ቤት ውጤቷን ይዛ መጣች። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ የእንግሊዝኛ መምህሯ ከግርጌ በእንግሊዝኛ አስተያየት ጽፎላታል። መዝገቡ ሊያነብላት በኩራት መነጽሩን አደረገ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ወደቀ። እዚያው ነበሩ፤ የሚበርሩት ቀለሞች።

ልጅቱ አባቷ የፈተናት መስሏት በደስታ አስረዳችው። ቀለም የተባለው ባንዲራ ነው። ድሮ መርከቦች ከጦርነት ሲመለሱ፣ የተሸነፈው ባንዲራውን አውርዶ፣ ያሸነፈው ደግሞ እያውለበለበ ነው ወደብ የሚገባው። ስለዚህ አንድን ፈተና እንዲህ አለፈ ከተባለ፣ እንደ ምንም፣ ተንጠልጥሎ ሳይሆን፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በድል አለፈ ማለት ነው። መምህሩ በጣም ለጎበዝ ተማሪ ካልሆነ አይጽፈውም፤ በክፍሉ ውስጥ ለእሷ ብቻ ነው የጻፈው። «አባዬ፣ አንተማ ታውቀዋለህ» አለችው።

«አላውቀውም ነበር» አለ መዝገቡ። ልጁና ሚስቱ ተያዩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጁ ከመግባቱ በፊት ወደ ማከማቻው ሄደ። በጣቃዎቹ መካከል ቆሞ፣ መዝገበ ቃላቱን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ ሁሉን ነገራቸው፤ መርከቡን፣ ባንዲራውን፣ የልጁን ውጤት። እትዬ ቀለም ደብተሩን ሳይዘጉ አዳመጡት።

«እስቲ እሷን ቃል እንደገና በላት» አሉት።

አላት። እሳቸውም በአፋቸው ደገሙት፣ በምላሳቸው ጨው እንደሚቀምሱ ዓይነት። ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

«ዘጠኝ ወር፣ ወንድሜ። ሰው ተፀንሶ ይወለድበታል።»

መዝገቡ መሬት ቢከፈትለት ይገባ ነበር። የሚሉትን ሁሉ ለመቀበል እንደተዘጋጀ ነገራቸው። እሳቸው ግን የሚሉትን ሁሉ አልተናገሩም፤ ለሥራ አስኪያጁ ዛሬውኑ እንዲነግረው፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የጓንቴን ማስጠንቀቂያ እንዲቀድድ ብቻ አሉት።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ነገር ግን ፈጣን ሰው ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእፍረቱ ወጥቶ መፍትሔ አገኘ። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ «የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሠራተኛ ከዚህ ቀደም የታየባቸውን ጉድለት አሻሽለው በመገኘታቸው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል።»

እትዬ ቀለም መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጥተው፣ ሳይቀመጡ፣ ያሻሻሉት ጉድለት የቱ እንደሆነ ጠየቁ። የአጻጻፍ ወግ ነው፣ አላቸው፤ ዋናው ነገር መመለስዎ ነው። እሳቸው ደግሞ ዋናው ነገር ወረቀቱ እንደሆነ፣ በወረቀት የወረደ ሰው በወረቀት ካልሆነ እንደማይወጣ ነገሩት።

«ያላጠፋሁትን አሻሽዬ አልመለስም» አሉ። «ወረቀቱ እስኪታረም ማከማቻው ይበቃኛል፤ ወንበር አለው።»

ሦስት ቀን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ የማለዳዋን ግማሽ ሰዓት እንኳ አቆሙ። ጓንቴ በሁለተኛው ቀን ለሥራ አስኪያጁ ገንዳውን ያለ እትዬ ማስጀመር እንደማይደፍር ተናገረ፤ ዘጠኙን ወር በማን ጣት እንደሠራም አልደበቀም። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ቢሆን «ስህተት» የሚለውን ቃል በገዛ ፊርማው ሥር ማየት አልሆንለት አለው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግቢው በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ መዝገቡ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ብዕሩን አውጥቶ በማስታወቂያው ግርጌ፣ በዚያው በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጨመረበት፦ «ጉድለቱ የተርጓሚው ነው። ቃሉን አላውቀውም ነበር፤ ትርጉሙ ‹በአኩሪ ውጤት› ማለት ነው።» ስሙን ሙሉ ጽፎ ፈረመ።

ሠራተኛው ወር ሙሉ ሳቀበት። «መዝገቡ» የሚለው ቅጽል ቀረና «ፍላይንግ» ተባለ። ቻለው። እትዬ ቀለም ግን በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ገንዳቸው ወረዱ፤ ጓንቴን ከጎናቸው ምክትል አድርገው አስቀሩት፣ ለግድግዳውም አዲስ መለኪያ አስገዙ። የወየበ መጋረጃና ሽርጥ ትዝ ብሏቸው የነበሩት ሁሉ መርሳት ጀመሩ።

በነገሩ ከሁሉ በላይ ያተረፈው ሥራ አስኪያጁ ነው። ቃሉን ወደደው። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው መብራት «ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ» ተመልሶ መጣ፣ ሹፌሩ «ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ» አርፍዶ ደረሰ፣ የምግብ ቤቱ ጣሪያም እንዲሁ አፈሰሰ። የሚያርመው አልነበረም፤ ፍላይንግ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

እትዬ ቀለም ከፍላይንግ አንድ ካሣ ጠየቁ። ከእንግዲህ ስለ እሳቸው የሚጻፈውን ራሳቸው ስለሚያነቡ፣ በምሳ ሰዓት እንግሊዝኛ እንዲያስተምራቸው ፈለጉ። አምሳ ዓመት ባለፈው ጭንቅላት ፊደሉ ቀስ እያለ ገባ፤ ቀስ ብሎ የገባ ደግሞ አልወጣም። ከአንድ ዓመት በኋላ በቀለም በርሜሎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ቻሉ። ያን ሁሉ ዓመት በደማቅ ቀይ ፊደል የተጻፈባቸው «ባዶ እጅዎን አይንከሩ» የሚል ሆኖ ተገኘ። ጓንቴ አንድ ጥንድ ጓንት አቀበላቸው። እሳቸውም ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሦስተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ፍላይንግ ፖስታውን ሳይከፍት ወደ ማቅለሚያው ክፍል ይዞት ወረደ። እትዬ ቀለም እጃቸውን አደራርቀው፣ ደብዳቤውን በርሜል ላይ ዘርግተው፣ እያንዳንዱን ቃል በጣት እየተከተሉ አነበቡ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። የሁለት ቃላት ትርጉም ጠየቁት፤ አንዱን ነገራቸው፣ ሁለተኛውን አላውቀውም ብሎ ፈለገላቸው። ስለ ቀለም አንድም ቃል አልነበረበትም። ካርቶኖቹ በመንገድ ላይ ዝናብ እንደነካቸውና ዕቃው ሁለት ቀን ዘግይቶ እንደደረሰ ነበር የሚለው።

«ይኼ የማከማቻው ነው» አሉና መለሱለት።